እጅ የሚሰብረው ከረጢት

ስብሰባው ላይ የቀረበው ስላይድ ለማንም ግልጽ ነበር። ከአባይ ገባሮች የተሰበሰቡ የደለል ናሙናዎች እያንዳንዳቸው በአንድ መስመር ተስለዋል። ብዙዎቹ ተጠጋግተው ይሄዳሉ። አንዱ ብቻ ከሁሉም በላይ ተነጥሎ ወጥቷል። ከስሩ «ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደለል ምንጩ የምዕራቡ ገባር ነው» ይላል።

እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሰው ላይ የሚያርፍ ነገር ነው። እርከን የት ይሠራ፣ የትኛው ተፋሰስ ከግጦሽ ይከለል፣ በጀቱ ለየትኛው ወረዳ ይሂድ የሚለው በዚህ ይወሰናል። ደለል ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ሱዳን ውስጥ አትባራ ላይ (የኛው ተከዜ የሚገባበት ወንዝ ነው) እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው የከሽም ኤል ግርባ ግድብ ከግማሽ በላይ ውሃ የመያዝ አቅሙን ያጣው በደለል ነው። አሁን የራሳችን ትልቅ ግድብ አባይ ላይ ቆሟል። አፈሩ ከየት እንደሚመጣ በትክክል ማወቅ አለብን።

ዘዴው እንዲህ ነው። ከላንታነም እስከ ሉቴሺየም ያሉት ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች ውሃ በቀላሉ አያሟሟቸውም። ድንጋይ አፈር ሲሆን፣ አፈሩም በጎርፍ ሲወሰድ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ያለው ምጣኔ ብዙም አይናጋም። ስለዚህ ደለሉን ለክተህ ወላጅ ድንጋዩን መጠየቅ ትችላለህ። የጎጃምና የጎንደር ደጋ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግድም የፈሰሰ ባዛልት፣ ማለትም ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የንጥረ ነገሮቹ መጠን በተራ በመስመር ሲሳል ለጥ ያለ ነው፤ ከነሱ አንዱ የሆነው ዩሮፒየም ላይ ሲደርስም ጎድጎድ አይልም። በምዕራብ፣ በቤኒሻንጉል በኩል፣ ግራናይት ያለበት በጣም ያረጀ ድንጋይ አለ። ግራናይት ዩሮፒየም ላይ ዘጭ ይላል። ምክንያቱም ዩሮፒየም ከጓደኞቹ በተለየ የካልሲየምን ቦታ መያዝ ይችላል። ፕላጂዮክሌዝ የሚባለው ማዕድን ቀድሞ ይወስደውና የቀረው ቅልጥ አለት ዩሮፒየም አጥሮት ይረጋል።

ያ ተነጥሎ የወጣው መስመር ዩሮፒየም ላይ ገደል ነበር። ቀላሎቹ፣ ላንታነምና ሴሪየም፣ ደግሞ ሰማይ ነክተዋል። «ግራናይት ነው፤ አለቀ» አለ አስተባባሪያችን። እኔ ግን አልዋጥ አለኝ። ግራናይት ዩሮፒየም ይጎድለዋል እንጂ ጠቅላላ መጠኑ ያን ያህል አይዘልም።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ማሽኑን ነው። በአይሲፒ ማስ (ንጥረ ነገሮችን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ ነው) ስትለካ ባሪየም ከኦክስጅን ጋር ይጣበቅና ክብደቱ ከዩሮፒየም ጋር ይመሳሰላል። መሣሪያው አይለየውም። ነገር ግን ይሄ ዩሮፒየምን አለአግባብ ያሳድገዋል እንጂ አይቀንሰውም። የኛ ችግር በተቃራኒው ነበር። የላብራቶሪው ማመሳከሪያ ናሙናዎችም ልክ ነበሩ። ማሽኑ ነጻ ወጣ።

ከዚያ ወደ ናሙና ዝግጅት ክፍል ወረድኩ። እዚያ አፈር የምታደርቀውን፣ የምትነፋውንና የምትመዘግበውን ባልደረባችንን ሁላችንም እታለም ነው የምንላት። ቁጥሩን ነገርኳት። ምንም ሳትል ከመደርደሪያው ሁለት ከረጢት አወረደች።

«ወንድምዓለም፣ እስቲ ያዛቸው» አለችኝ። «መጠናቸው እኩል ነው። ይቺኛዋ ግን እጅ ትሰብራለች።»

እውነቷን ነው። በግራ እጄ ያለው እንደማንኛውም አሸዋ ነው። በቀኜ ያለው ወደ ታች ይጎትታል። የተራው አሸዋ ማዕድን ኳርትዝ ከውሃ 2.65 ጊዜ ነው የሚከብደው። ከባድ ማዕድናት ግን ሌላ ናቸው፦ ዚርኮን ወደ 4.6 ይጠጋል፤ ሞናዛይት ደግሞ 5 ገደማ ነው። ልዩነቱን እጅ ያውቀዋል።

መዝገቡን ገልጣ አሳየችኝ። በናሙናው ቁጥር ትይዩ፣ ዳር ላይ፣ በእርሳስ «ጥቁር አሸዋ፤ ከባድ» ብላ ጽፋለች። ያ ማስታወሻ ወደ ኮምፒውተሩ ሠንጠረዥ አልተሻገረም። ሠንጠረዡ ለእንዲህ ያለ ነገር ዓምድ የለውም።

እታለም ያደገችው ወርቅ በሚታጠብበት አገር ነው። «ወርቅ አጣቢ እኮ ይሄንኑ ነው የሚፈልገው» አለችኝ። «ገበቴው ላይ ጥቁሩ አሸዋ ከቀረ ወርቁ ሩቅ አይደለም። ይሄን የቆፈሩት ከቋጥኝ ጀርባ ነው፤ ጠይቃቸው።»

ጠየቅኳቸው። ልክ ነበረች። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር የመስክ ቡድኑ የደረሰው ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ኋላ ያለው አሸዋ ጋ ብቻ ነው። እዚያ ውሃው ፍጥነቱን ሲቀንስ ከባዱን ይጥላል፤ ቀላሉን ይዞ ይሄዳል። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ራሱ ያጥበዋል፣ ይለየዋል።

እታለም ጥቂት አሸዋ ሰሃን ላይ በተነች። ማግኔቱን በወረቀት ጠቅልላ ከላይ አዞረችው። ጥቁሩ ማግኔታይት ብድግ ብሎ ተለጠፈ። የማይለጠፈውን አጉሊ መነጽር ስር አደረግነው። ጥርት ያሉ፣ ጫፋቸው የሾለ የዚርኮን ፍሬዎች አሉ። ከመሃላቸው ማር የመሰሉ፣ ክብ ክብ ያሉ ቢጫ ፍሬዎች። ሞናዛይት።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። ሞናዛይት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገር ነው፤ በተለይ ቀላሎቹ። ዩሮፒየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። በአንድ ኪሎ አሸዋ ውስጥ አንድ ግራም ሞናዛይት ቢኖር ወደ 500 ሚሊግራም ይጨምራል። አንድ ኪሎ ባዛልት ያለው ሁሉ ተደምሮ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊግራም ነው። አንድ ማንኪያ ሚጥሚጣ ሙሉ ድስት ወጥ እንደሚያቃጥለው ማለት ነው። ቀማሹ ድስቱ በሙሉ ሚጥሚጣ ይመስለዋል። ወደ ውጤቱ ተመልሼ ቶሪየምንና ዚርኮኒየምን አየሁ። ሁለቱም አብረው ዘለዋል። ቶሪየም የሞናዛይት፣ ዚርኮኒየም የዚርኮን ምስክር ነው።

አስተባባሪያችን መጀመሪያ ላይ «ቁጥር ቁጥር ነው፤ ስላልወደድነው አንጥለውም» አለ። አባባሉን አከብራለሁ። ቁጥሩም ትክክል ነው፤ የሚናገረው ግን ስለዚያ ቋጥኝ ጀርባ እንጂ ስለ ገባሩ አይደለም። እዚያ ዳገት ላይ የሚያርስ ገበሬ «የአባይን ግማሽ ደለል የሚያወርደው ያንተ መሬት ነው» ሊባል ነበር። ያንን ከአንድ ጭብጥ ጥቁር አሸዋ ተነስቶ መጻፍ ግፍ ነው። ስላይዱን አብረን ከፈትነው። የቶሪየሙን ቁጥር ሲያይ ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ሰረዘው።

ናሙናዎቹ በሙሉ እንደገና ተነፉ። ከ63 ማይክሮን በታች ያለው ደቃቅ ለብቻ፣ ሸካራው ለብቻ ተለካ። የምዕራቡ ገባር ደቃቅ ክፍል መስመሩ ረገብ አለ፤ ዩሮፒየሙም ትንሽ ብቻ ነው ጎድጎድ ያለው። ከዋናው ወንዝ የተወሰደው ደቃቅ ጭቃ ደግሞ በግልጽ የባዛልት ልጅ ነው። ክረምት ላይ አባይን ቡና የሚያስመስለው ባብዛኛው ከደጋው ማሳ የሚታጠበው አፈር ነው፤ ዋልካውንም ይጨምራል። በመዝገቡም ሆነ በሠንጠረዡ አሁን «ዝግጅት ክፍል ያየችው» የሚል ዓምድ አለ። ርዕሱን ያወጣችው እታለም ናት።

አንድ ክርክር ግን እስካሁን አላለቀም። አስተባባሪው ከእንግዲህ ደቃቁን ብቻ እንለካ ይላል። እኔ አልስማማም። ደቃቁ በውሃው ተንሳፍፎ ወደ ግድቡ ግንብ ይጠጋል፤ ሸካራው ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ ይወርዳል። የግድቡን መግቢያ ቀድሞ የሚሞላው ይሄ አሸዋ ነው፤ ምንጩም ከደቃቁ ሊለይ ይችላል። ለሚቀጥለው ክረምት ያቀረብኩት ዕቅድ ሁለቱንም የሚለካ ነው። ከየቦታው አንድ ሳይሆን ብዙ ጭብጥ ከተለያየ ጥግ ተወስዶ ይቀላቀላል፤ ሸካራው ከመለካቱ በፊት ከባዱ ማዕድን ተለይቶ ይመዘናል። ወጪው ይጨምራል። አስተባባሪው ገና አልፈረመበትም።