ጭስ የገደለው ሰው አለ?

በፈረንጆቹ 2023 ሰኔ መጨረሻ ላይ የካናዳ ሰደድ እሳት ጭስ እኛ ያለንበት ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ድረስ መጣ። ስልኬ «አየሩ ለጤና ጥሩ አይደለም» እያለ ይጮኻል። መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ቤት ዋልኩ። ባሕር ዳር ደውዬ ለእማዬ ስነግራት ሳቀችብኝ። «በል ተወኝ! ጭስ የገደለው ሰው አለ?»

አምና ለጥምቀት ሄድኩ። ጠዋት የጣና ንፋስ ሲመጣ ደረት ይከፍታል። ጓሮ ያለው ማድ ቤት ግን ሌላ ዓለም ነው። የሸረሪት ድሩ ሳይቀር በጥቀርሻ ጠቁሮ እንደ ክር ተንጠልጥሏል። እማዬ ጎንበስ ብላ የባሕር ዛፍ ቅጠል ትማግዳለች፣ እፍ ትላለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። የላክሁላት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጓዳ ተሸፍኖ ተቀምጧል። «መብራቱ መች ይታመናል ልጄ?»

አክስቴ እዚያው ሰፈር እንጀራ እየሸጠች ነው ልጆቿን ያሳደገችው። ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም። በኋላ ከበር እስከ አጥር መሄድ አቃታት። «ልቧ ነው» ተባለ፣ ተለቀሰ፣ አለቀ።

ከኮሎምበስ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ብትነዱ ስቱበንቪል የምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ አለች። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ6 የአሜሪካ ከተሞች ከ8,000 በላይ ሰዎችን ከ14 ዓመት በላይ ተከታትለው በፈረንጆቹ 1993 ውጤቱን አወጡ። ዕድሜውን፣ ሲጋራውን ሁሉ ግምት ውስጥ አስገብተው ሲያሰሉት፣ አየሯ የተበከለው የስቱበንቪል ሰው በእነዚያ ዓመታት የመሞት ዕድሉ፣ አየሯ ንጹሕ ከነበረው ከፖርቴጅ፣ ዊስኮንሲን ሰው በ26 በመቶ ይበልጥ ነበር። እዚያም ቢሆን «ጭስ ገደለው» ተብሎ የተቀበረ የለም። ልቡ ነው፣ ሳንባው ነው ይባላል። በተበከለው አየር ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ከፀጉር ወርድ 30 ጊዜ ገደማ ያንሳል፤ ሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። የማገዶው ጭስ ደግሞ ከዚሁ ብናኝ የተሞላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ ያለ ጊዜው እንደሞተ ይገምታል።

ይህን ሁሉ ለእማዬ ልነግራት አስቤ የአክስቴ ነገር አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ሺዎች ነው። የእሷን ልብ ያደከመው ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ዝም ብዬ ቆርቆሮ ሠራተኛ ጠርቼ ጣሪያው ላይ የጭስ ማውጫ አስከፈትኩ። ባለፈው ሳምንት በቪዲዮ ስንደዋወል ቀና ብዬ አየሁት፤ በማዳበሪያ ጆንያ ተወትፏል።

«ዝናብ ያስገባላ!» አለችኝ።