ባናው ላይ የተሣለው ተራራ

ትናንት ማታ ደብረ ብርሃን ላይ ኤግዚቢሽናችን ተከፈተ። የታኅሣሥን ውርጭ ታውቁታላችሁ። አዳራሹ ውስጥ ጋቢውን ያወለቀ ሰው አላየሁም።

ንግግሩ ረዘመ። ተናጋሪው አፈወርቅ ተክሌን አነሱ፤ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር መወለዳቸውን ነገሩን። እኛ ዘንድ ስለ ሥዕል ሲወራ እሳቸው ሳይነሱ አይታለፍም፤ ደግሞም ይገባቸዋል። ስለ መንዝ ፈታዮች ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ግማሹ ሥራ የእነሱ ሆኖ ሳለ!

ሐሳቡ ቀላል ነበር። በሸራ ፋንታ ባና ላይ እንሣል። የመንዝ ሴቶች የበግ ፀጉር ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፣ እኛ እንቀባለን። ፀጉሩ አልተነከረም፤ ነጩም ጥቁሩም ቡናማውም በጉ ላይ እንደበቀለ ነው። ቀለም ሲጠጣ ደግሞ አይጠግብም፤ አሳራችንን አየን።

ትልቁ ባና ላይ የሣለው ጓደኛዬ ነው። መሃሉ ላይ ክሩ ወፈር ቀጠን ማለቱ ቀልቡን ስቦት ተራራ አወጣበት። እንግዶች ከበው ትርጉሙን ሲጠይቁት «የፈተሉትን ጠይቁ» ብሎ ወደ እትዬ ጠቆመ።

«ምን ትርጉም አለው ብላችሁ» አሉ እትዬ፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው። «ልጄ ታማብኝ ሌሊት ሌሊት አጠገቧ ቁጭ ብዬ በኩራዝ ነው የፈተልኩት። ዓይኔ እሷ ላይ፣ እጄ እንዝርቱ ላይ። ምኑን አይቼ ላቅጥነው!»

ሸማኔው ከኋላ «እኔማ ይሄ ክር ይጣል ብዬ ነበር፣ እሺ አላሉኝም» አለ። ሰው ሳቀ።

ልጅቷ እዚያው ቆማለች። ጤነኛ፣ ለግላጋ፣ ስልኳን የያዘች። ይህን ከዚያ በፊት የሰማች አልመሰለኝም። ስልኳን ኪሷ ከታ ጠጋ አለችና ወፍራሙን ቦታ በጣቷ ተከተለችው። «መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ማንም አልተናገራት። እኔ ግን አልቻልኩም። እንባዬን በብርድ እያሳበብኩ ደጅ ወጣሁ።

ጓደኛዬ ተከትሎኝ መጣ። «ተራራውን ላጥፋው እንዴ?» አለኝ።

«ተው ባክህ፣ ያምራል» አልኩት። የምሬን ነው።

አሁን የቀረን የስም ጭቅጭቅ ነው። አዘጋጆቹ የሠዓሊውን ስም በጉልህ ጽፈው ፈታይዋንና ሸማኔውን «በትብብር» ብለው ከሥር አስገብተዋቸዋል። ዛሬ ጠዋት ወረቀቱ እንደገና እንዲታተም ተስማማን፤ ሦስቱም ስም በእኩል ፊደል። የማን ይቅደም በሚለው ግን ገና እየተነታረክን ነው። እኔ እትዬ ይቅደሙ ባይ ነኝ።