ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፦ በጅማ ራፕ የሠራሁባቸው ዓመታት

የመጀመሪያውን ዘፈኔን የቀረጽሁት በ2009 ዓ.ም.፣ ጅማ ፈረንጅ አራዳ በተከራየነው ቤት ውስጥ፣ የቁም ሳጥኑን ሁለት በሮች ከፍቼ ጋቢና ብርድ ልብስ ጋርጄባቸው ነው። ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ስለነበር ለሙዚቃ የሚተርፈኝ ሌሊቱ ነበር። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይገኝም፤ ዝናቡ ሲመጣ የቆርቆሮው ጩኸት ድምፄን ይውጠዋል፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ሴቭ ያላደረግሁት ሥራ ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ጅማን የሚያውቅ ሰው ክረምቷ ረጅም መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ድምፅ መቅረጽን ለበጋው፣ ግጥም መጻፍንና ቢት፣ ማለትም የራፑን አጃቢ ሙዚቃ፣ መሥራትን ለክረምቱ አድርጌ ዓመቱን ከፈልሁት፤ ይህን ልማድ እስከ ዛሬ አልተውሁትም።

ለአንድ ዓመት ያህል ከደመወዜ ቆጥቤ የገዛሁት ኮንደንሰር ማይክ ነበር። በየስቱዲዮው ፎቶግራፍ ላይ የማየው እሱን ስለነበር ጥሩ ድምፅ ያለ እሱ የሚገኝ አይመስለኝም ነበር። ኮንደንሰር ከሳውንድ ካርዱ 48 ቮልት ኃይል እየወሰደ የሚሠራ፣ የትንፋሽን ጫፍ ሳይቀር የሚለቅም ማይክ ነው፤ ግድግዳው ባልታፈነ ቤት ውስጥ ግን የባጃጁን ሞተርና የጎረቤቱን ሬዲዮ ከዘፋኙ ጋር አንድ ላይ ለቅሞ ያመጣል። በሠርግ ባንድ ውስጥ የሚሠራ ወዳጄ ያዋሰኝን ርካሽ ዳይናሚክ ማይክ አራት ጣት ያህል ተጠግቼ ስሞክረው የውጩ ጫጫታ ወደ ኋላ ቀረ። ማይክን ሲጠጉት የድምፁ ወፍራም ክፍል ስለሚያብጥ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን በመጠኑ መቀነስ ብቻ በቂ ነበር። ያን ሁሉ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት አንድ ሌሊት ተውሼ ብሞክር ኖሮ ለላፕቶፕ ይደርሰኝ ነበር።

ወጣቶች መጥተው የሚጠይቁኝ ስለ ዕቃ ነው። ዓመታት የፈጀብኝ ግን አማርኛው ነበር። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ በመሆኑ ቤት መምታት በጣም ይቀላል፤ «መጣሁ፣ ወጣሁ፣ ረታሁ» እያሉ 16 ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) መሙላት ለማንም አያቅትም። በ90 ቢፒኤም፣ ማለትም በደቂቃ 90 ምት፣ የሚሄድ 16 ባር 43 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ዓይነት ማሰሪያ የሚሰማ ሰው ግማሽ ላይ ሳይደርስ ይሰለቻል። የመጀመሪያዎቹ ግጥሞቼ ሁሉ እንዲህ ነበሩ። ኋላ የአዝማሪዎችን ግጥምና ቀረርቶውን በጥሞና ሳዳምጥ፣ ግሱን ወደ መሐል አምጥተው ቤቱን በስም ሲደፉት አስተዋልሁ፤ እኔም በእያንዳንዱ አራት ስንኝ ውስጥ በግስ የሚያልቀው ከአንድ እንዳይበልጥ ራሴን አስገደድሁ።

ከዚህ የከበደው መጥበቅና መላላቱ ነው። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ «አለ»ም ላልቶ መናገር፣ ጠብቆ መኖር ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። ራፕ ውስጥ ግን ቃላቱ እየተጣደፉ ስለሚያልፉ ሰሚው ተመልሶ የሚያስብበት ጊዜ የለውም፤ የሚጠብቀው ፊደል በቢቱ ላይ የራሱን ቦታ ካላገኘ ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። ይህን ያስተማረኝ በአፋን ኦሮሞ ራፕ የሚሠራው ጓደኛዬ ነው። አንድ ማታ ደብተሩን ገልጬ ሳይ፣ ቁቤው (አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ተነባቢው ሲጠብቅም አናባቢው ሲረዝምም ፊደሉን ሁለት ጊዜ ስለሚጽፍ፣ ምቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ከወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። የእኔ ደብተር ያንን ሁሉ ደብቆብኝ ኖሯል። ከዚያ ማታ ወዲህ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ እያደረግሁ እጽፋለሁ፤ ስኔሩን (ሹሉን የከበሮ ምት) የምመታውም፣ ባስ ሳላስገባ ባዶ የምተወውም ያንን ነጥብ እያየሁ ነው።

ቢት መሥራት የጀመርሁት ኤፍኤል ስቱዲዮ በተባለው ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ ከውጭ የወረዱ ቢቶች ላይ እዘፍን ነበር፤ ድምፄ ግን ምንጊዜም የእንግዳ ድምፅ ይሆንብኝ ነበር። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ጅማ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ የአገራችንን ቅኝቶች ሳያፈርሱ ከጃዝ ስምምነት ጋር እንዴት እንዳዋሐዱ ለመረዳት ሥራዎቻቸውን ደጋግሜ አዳመጥሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ በመሆናቸው በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት አለ፤ ያ ክፍተት ለሚናገር ሰው ድምፅ የተተወ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ከጓደኛዬ ጋር ስሠራ ዜማውን ከአንቺሆዬ እጀምርና ከበሮውን አዘገየዋለሁ፤ አማርኛውም አፋን ኦሮሞውም ሳይጋፉ ይገባሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን የተቆላ ቡና ሲወቅጡ ሰማሁ። ዘነዘናው ሙቀጫው ውስጥ ሲያርፍ መጀመሪያ ደብዛዛ ነበር፤ ቡናው እየላመ ሲሄድ ድምፁ እየጠለቀ መጣ። አስፈቅጄ ማይኩን ከሙቀጫው አንድ ክንድ አርቄ አስቀመጥሁ። «ምን ልታደርገው ነው ልጄ?» አሉኝ፤ ለከበሮ መሆኑን ስነግራቸው ሌላ እፍኝ ቡና ጨምረው ወቀጡልኝ። የመጨረሻዎቹን ምቶች ቆርጬ፣ ድምፁን በጥቂቱ አውርጄ ኪክ፣ ማለትም የከበሮው ወፍራም ምት፣ አደረግሁት። እስካሁን ከሰበሰብሁት ሁሉ የምወደው ድምፅ እሱ ነው።

ያሳዘነኝን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አንድ ድርጅት ለማስታወቂያ ቢት ሠርቼ እንድሰጥ ጠይቆኝ፣ በቃል ብቻ ተስማምተን ፋይሉን ከነሙሉ ትራኩ ላክሁለት። ማስታወቂያው ለወራት ሲተላለፍ ሰማሁት፤ ክፍያው ግን አልመጣም፤ በእጄ የሚታይ አንድም ወረቀት አልነበረኝም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ያን ጊዜ ተቀምጬ አነበብሁት። ሥራው ከተፈጠረና ከተቀረጸ ጀምሮ ያለ ምዝገባም ጥበቃ እንዳለው ይናገራል፤ ማን ከማን ጋር በምን እንደተስማማ ማስረዳት ግን የባለቤቱ ፋንታ ነው። ስለዚህ አሁን ድምፅ ከመቀረጹ በፊት ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ቢቱ የማን እንደሆነ፣ ድርሻው ስንት እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፈን እንፈራረማለን፤ ከቅርብ ጓደኛዬ ጋር ስሠራ እንኳ አላስቀረውም። ሙሉ ትራኩንም ክፍያው ሳይጠናቀቅ ለማንም አልሰጥም።

ኑሮዬን በተመለከተ፣ በራሴ ዘፈን ብቻ አልተዳደርም፤ የሌሎችን ድምፅ እቀርጻለሁ፣ ለሠርግና ለምረቃ ቪዲዮ ሙዚቃ አዘጋጃለሁ። የራሴን ዘፈን ማድረስ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ሰኔ 2012 ዓ.ም. በይነመረብ በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ፣ ለመልቀቅ ያዘጋጀሁት ዘፈን ላፕቶፔ ውስጥ ቀረ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ አገር በሐዘን ላይ ስለነበረ ስለ ዘፈኔ ማዘን ተገቢ አልመሰለኝም። ኋላ ነገሩ ሲረጋጋ ግን በፍላሽ ይዤ እዚሁ ጅማ መርካቶ ሚሞሪ ላይ ሙዚቃ ለሚጭኑ ልጆች አደረስሁት፤ ከእነሱም ለባጃጅ ሾፌሮች ደረሰ። እኔ በማላውቀው ባጃጅ ተሳፍሬ የገዛ ድምፄን የሰማሁት ያኔ ነው። የባጃጁ ስፒከር ላይ ባሱ ጨርሶ እንደማይሰማም ያኔ ገባኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሚክስ ሳልጨርስ በስልክና በባጃጅ ስፒከር እፈትሸዋለሁ።

ባለፈው በጋ ስለ አንድ ሊስትሮ ልጅ የጻፍሁትን ዘፈን፣ ኪኩ የእሳቸው ሙቀጫ ስለሆነ፣ ሳይለቀቅ ለእትዬ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ካደመጡ በኋላ፣ «ሁለተኛው ላይ ‹ይመታል› ያልከው፣ ልጁ ነው የሚመታው ወይስ እሱን ነው የሚመቱት?» ብለው ጠየቁኝ። ስንኙ የሚናገረው ስለሚደበደበው ልጅ ነበር፤ እኔ ግን ለቢቱ ተሽቀዳድሜ አላልቼው ኖሯል። ነጥቧም ደብተሬ ላይ አልነበረችም። የዚያኑ ዕለት ሌሊት ጋቢውን መልሼ ሰቅዬ፣ ከቃሉ ሥር ያለውን ሃይሃት (የጸናጽሉን ምት) አውጥቼ፣ «ይመታል»ን አጥብቄ እንደገና ቀረጽሁት።