ከመቁረጫው ሥር የነበረው ሣጥን

በአንድ ማተሚያ ቤት የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ወር ከጃፓን ለመጣው የሥራ ማሻሻያ ዘዴ፣ ለካይዘን፣ ሥልጠና ተላክሁ። ዘዴው በአገራችን በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ገና ብዙ አልቆየም ነበር፤ ካይዘን የየስብሰባው ወሬ ነው። አምስቱን «ማ»ዎች፣ ስማቸው በ«ማ» የሚጀምረውን የሥራ ቦታ ማደራጃ ደረጃዎች፣ ሸምድጄ ተመለስኩ። ከሁሉም የወደድኩት የመጀመሪያውን፣ ማጣራትን ነበር። ለሥራ የማያስፈልግ ዕቃ ላይ ቀይ ካርድ ይለጠፋል፤ የሚፈልገው ሰው ካልተገኘ ይወገዳል። ሥልጣን ቀምሶ የማያውቅ ሰው እጁ ላይ ቀይ ካርድ ሲገባ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ያን ሰሞን እኔን ማየት በቂ ነበር።

ከወረቀት መቁረጫው ማሽን ሥር አሮጌ የቢራ ሣጥን ነበር። ውስጡ የጣውላ ስንጣሪ፣ የካርቶን ቁራጭ፣ በእርሳስ የተጫጫረ ኮተት። ማሽኑ ላይ ጋሼ ከ20 ዓመት በላይ ቆመውበታል። ካርዱን ስለጥፍ አዩኝ፤ መነጽራቸውን አስተካከሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በሳምንቱ ሣጥኑ ከቆሻሻው ጋር ሄደ። ወለሉ አምሮ ስለነበር ፎቶ አንስቼ ለሥራ አስኪያጁ አሳየሁ።

ከዚያ ጋሼ ለቅሶ ደርሷቸው አገር ቤት ሄዱ። በቦታቸው የቆመው ልጅ 400 ጥራዝ ደረሰኝ የማሽኑን መለኪያ አምኖ ቆረጠ። ከሰዓት በኋላ ጠራዧ አንዱን ይዛ መጣች። በቀይ የታተመው ተከታታይ ቁጥር አናቱ ሄዷል፤ የቀረው 6 ይሁን 8 አይለይም። ደረሰኝ ደግሞ በገቢዎች ፈቃድ፣ በተቆጠረ ቁጥር የሚታተም ነው፤ እንደ በራሪ ወረቀት ጥለውት በሌላ አይተኩትም።

ጋሼ ሲመለሱ አንዲት ስስ ጣውላ አንስተው በሞረድ እየፋቁ አስረዱኝ። መለኪያው 21 ሴንቲ ሜትር ሲል ቢላዋው የሚያርፈው 3 ሚሊ ሜትር አልፎ ነው። ወረቀቱ የሚደገፍበት የኋላው ብረት ከላላ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ በብረቱና በወረቀቱ መካከል ጣውላ ይገባል፤ ለደረሰኝ አንዱ፣ ለደብተር ሌላው። በእርሳስ የተጫጫረው ያ ነበር። ቢሮው መዝገብ ላይ ግን ማሽኑ «በደህና ሁኔታ ላይ የሚገኝ» ነው።

«ጋሼ፣ ስጥለው እያዩኝ ለምን አልነገሩኝም?»

«ቀይ ካርድ አይቶ፣ ተከራክሮ ወደ ሜዳ የተመለሰ ተጫዋች ታውቃለህ?»

አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ኋላ እንደሰማሁት፣ ከእኔ በፊት ለነበረ አለቃ ስለ ብረቱ ሁለት ጊዜ ተናግረዋል። «ታዲያ አንተ የተቀጠርከው ለምንድን ነው?» ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ጣውላ መፋቅ ጀመሩ። (በሩ አጠገብ የሐሳብ መስጫ ሣጥን ነበረን። ቁልፉ ጠፍቷል፤ መጥፋቱንም ያወቅነው እኔ ስጠይቅ ነው።)

መካኒክ ተጠርቶ ብረቱ በግማሽ ቀን ተስተካከለ። እኔም ካርዶቹን ይዤ ወደ ጠራዦቹ ክፍል ስገባ በዚህ ጊዜ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የተጣመመ ሽቦ አየሁና ለምን እንደሚያገለግል፣ ማን እንደሠራው፣ ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንዳለ በትሕትና ጠየቅሁ። ጠራዧ ሽቦውን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«እሱስ ቆሻሻ ነው» አለችኝ። «ጣልልን።»