አንድ ቢሮ፣ ሦስት ብራውዘር

ዛሬ ፒያሳ ያለ የአንድ ወዳጄ ቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ማስታወቂያ የሚያግድ ኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ስጭን ዋልኩ። ኢንተርኔታቸው የሞባይል ዳታ ስለሆነ ለማስታወቂያ የሚያልቀው ሜጋባይት ያንገበግባል። አስቸጋሪው ነገር ደግሞ አንዱ በክሮም፣ አንዱ በኤጅ፣ ሌላው በፋየርፎክስ ነው የሚሠራው።

ክሮምና ኤጅ መሠረታቸው አንድ ነው፤ ክሮሚየም የሚባል ሶፍትዌር። ኤጅ ላይ ከሌሎች ስቶሮች (የኤክስቴንሽን ማውረጃ ገጾች) የሚመጣ ኤክስቴንሽን ከፈቀዳችሁ ከክሮም ስቶር በቀጥታ ይጭናል። ፋየርፎክስ ግን ሠሪው ሞዚላ ያልፈረመበትን ፋይል ብትሰጡት ፍንክች አይልም፤ ከራሱ ስቶር ማውረድ ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የኤክስቴንሽን አሠራሩ ከክሮም ጋር በጣም ቢቀራረብም አንድ አልሆነም። ክሮም ማኒፌስት ቪ3 ወደሚባለው አዲሱ የኤክስቴንሽን ደንብ ስለተሻገረ እዚያ የጫንኩት ቀለል ያለውን ማስታወቂያ አጋጅ፣ ዩብሎክ ኦሪጅን ላይትን ነው፤ ፋየርፎክስ ላይ ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን ይሠራል። (ማክ ያላችሁ፣ የሳፋሪ ብራውዘር ኤክስቴንሽን የሚወርደው ከአፕ ስቶር ነው።)

ጸሐፊዋ እትየ «ልጄ፣ የእኔው ላይ ምልክቱ የለም እኮ!» አሉኝ። ተጭኗል፤ ግን ክሮም አዲሱን ሁሉ ከላይ በስተቀኝ ባለችው የእንቆቅልሽ ቅርጽ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ከፍቼ ከስሙ ጎን ያለችውን ፒን (የመርፌ ምልክት) ስጫንላቸው ብቅ አለ። ደስታቸውን ብታዩ!

ብዙ ኮምፒውተር ያላችሁ በእጅ አትልፉ። ክሮምና ኤጅ በዊንዶውስ ፖሊሲ (አስተዳዳሪ ለኮምፒውተሮቹ በሚያወጣው ቅንብር)፣ ፋየርፎክስ ደግሞ «ፖሊሲስ ዶት ጄሰን» (policies.json) በሚባል ፋይል ከየራሳቸው ስቶር እንዲጭኑ ማዘዝ ይቻላል። እኔም ፋይሉን እያዘጋጀሁ ነው፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።