«አሜሪካ ሆነሽ ፀጉርሽ እንዴት ሳሳ?»

ሰሞኑን አንድ ፎቶ ለጥፌ የአዲስ አበባ ጓደኞቼ በቴሌግራም ተረባረቡብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ያ ሁሉ ፀጉርሽ የት ገባ?» አለች አንዷ። ሌላዋ ቀጠለች፤ «ሻምፖው፣ ቅባቱ፣ ትሪትመንቱ ሁሉ ከእናንተ ዘንድ አይደል እንዴ የሚመጣው? አሜሪካ ሆነሽ ፀጉርሽ እንዴት ሳሳ?» ጉዞዋ የተቃረበ የአክስቴ ልጅ ደግሞ በድምፅ መልእክት አጭር ጥያቄ ላከችልኝ። «እትዬ፣ ከመምጣቴ በፊት ሪላክሰር ልቀባ?» ፀጉር ማለስለሻውን ኬሚካል ማለቷ ነው።

ለሁሉም አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ዕቃው ሞልቷል፣ ልክ ናችሁ። ሱፐርማርኬት ስትገቡ የፀጉር መደርደሪያው ከጥግ እስከ ጥግ ነው። ግን ፀጉር በዕቃ ብቻ አይያዝም። እጅ ይፈልጋል። አዲስ አበባ እያለሁ ስለ ፀጉሬ ተጨንቄ አላውቅም። ቅዳሜ ፀጉር ቤት እሄዳለሁ፣ እታጠባለሁ፣ ቢጎዲን ይጠቀለልልኛል፣ ካስክ ውስጥ እገባለሁ። በዓል ሲደርስ ሹሩባ። ሠሪዋ ጣቷን ገና ስታስገባ ፀጉሬ ምን እንደሚፈልግ ታውቃለች፤ እኔ ማወቅ የለብኝም። ልጅ ሆኜማ እናቴ ጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ቅቤ ስትቀባኝ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። እዚህ የጠፋው ያ እጅ ነው።

ያለሁት ሚኒሶታ ነው፣ ያውም ከሚኒያፖሊስ ራቅ ያለች ትንሽ ከተማ። ጥር ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲገባ ማንም አይደነቅም። ቤት ውስጥ ማሞቂያው ሌት ተቀን ይሠራል። ቀዝቃዛ አየር በተፈጥሮው የሚይዘው እርጥበት ትንሽ ነው። ማሞቂያው ደግሞ አየሩን ያሞቀዋል እንጂ እርጥበት አይጨምርበትም። ስለዚህ የቤቱ አየር ከከንፈርም ከፀጉርም ያገኘውን ውሃ ይመጥጣል። የከርሰ ምድር ውሃውም ብዙ ቦታ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ነው። ሻምፖው እንደልብ አረፋ አይሰጥም፣ ሻወሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፣ ፀጉርም ላይ ያው ማዕድን ይቀራል። አገር ቤት ያላችሁ ይህን አታዩትም። ፎቶ ላይ የሚታየው መሳሳቱ ብቻ ነው።

ሥራዬ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ለዚህ ሥራ ኮርስ ተምሬ ተፈትኛለሁ። ከትምህርቱ አንዱ የፀጉር እንክብካቤ ነበር። ከአልጋ የማይነሳ ሰው ፀጉር እንዴት እንደሚታጠብ፣ ሳያሳምሙ እንዴት እንደሚበጠር፣ ሁሉንም አጥንቻለሁ። የማግዛቸው አንዲት እናት አሉ። ፀጉራቸው ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ ጥጥ ፈትል የሳሳ ነው። ጠዋት ጠዋት በለስላሳ ብሩሽ ሳበጥርላቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሁለት ቀን ሳይታጠብ ከቆየ ግን ሥሩ ይወዛና ራሳቸው ላይ ይለጠፋል።

ነገሩ የገባኝ በእሳቸው ፀጉር ላይ ነው። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ ምንም ሳያግደው ተንሸራቶ ጫፉ ድረስ ይወርዳል። ፈረንጆቹ ቶሎ ቶሎ የሚታጠቡት ለዚህ ነው። የኔ ዓይነት ከርዳዳ ፀጉር ላይ ግን ያው ወዝ እያንዳንዱን ጥምዝ መዞር አለበት፤ ጫፉ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ሥሩ ደህና ሆኖ ጫፉ የሚደርቀው ለዚያ ነው። በዚያ ላይ ፀጉሩ በሚጠማዘዝበት ቦታ ሁሉ ደካማ ነው፤ ሲጎትቱት እዚያው ላይ ይሰበራል። እንደ እነሱ በየቀኑ ልታጠብ ያለች ከርዳዳ ፀጉር ያላት ልጅ ያቺኑ ያላትን ወዝ አጥባ ትጨርሳለች።

አብራኝ የምትኖረው ልጅ ደግሞ ፀጉሯ ዞማ ነው። ሁለታችንም ሐበሻ ነን፣ የምንታጠበው በአንድ ሻወር ነው፣ ፀጉራችን ግን ለየቅል ነው። እሷ በሳምንት ሁለቴ ካልታጠበች ይከብዳታል። የኔን ቅባት ብትቀባ በማግስቱ ፀጉሯ ይተኛል። እኔ የእሷን ቀላል ሎሽን ብቀባ እንዳልተቀባሁ ነው። «የሐበሻ ፀጉር ምን ይስማማዋል?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ አንድ የሐበሻ ፀጉር የለም። እዚህ ፀጉርን በቁጥር ይጠሩታል። የኦፕራ ዊንፍሬይ ፀጉር ሠሪ የነበረው አንድሬ ዎከር ያወጣው አከፋፈል ነው። 1 ቀጥ ያለ፣ 2 ሞገድ ያለው፣ 3 ጥቅልል፣ 4 ከርዳዳ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ኤ፣ ቢ፣ ሲ አለው። ዕቃ ላይ ተጽፎ ስለምታገኙት እወቁት። ቁጥሩ ግን ሁሉንም አይነግራችሁም። የአንዱ ዘለላ ውፍረት፣ ውሃ ቶሎ መምጠጥ አለመምጠጡ፣ ቀለም ወይም ኬሚካል ነክቶት እንደሆነ ሁሉ ለውጥ አለው።

አሁን እስከ ዛሬ ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ።

በመጣሁ በመጀመሪያው የብርድ ወቅት ነው። ለሥራ መታወቂያ ፎቶ ልነሳ ስለነበር ሰፈሬ ያለ አንድ ፀጉር ቤት ደውዬ ቀጠሮ ያዝኩ። ስሜን ጠየቁኝ፤ ስለ ፀጉሬ ምንም አልጠየቁኝም። ሠሪዋ ትሁት ልጅ ናት፤ ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ። አጠበችኝ። ከዚያ ጥርሱ የደቀቀ ሚዶ አነሳችና ከሥሩ ጀምራ ወደ ታች ጎተተችው። እርጥብ ከርዳዳ ፀጉር፣ ያለ ኮንዲሽነር፣ ከሥሩ! ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ሚዶው መሃል ላይ ያዘ። ደግማ ጎተተች። ቀጭ አለ። የሚዶው ጥርስ ተሰብሮ ፀጉሬ ውስጥ ቀረ።

ልጅቷ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ጓደኛዋን ጠራች። ጓደኛዋ ሌላ ሰው ጠራች። ሦስት ሆነው ራሴ ላይ ቆመው በጣታቸው ጫፍ እየነኩ ይንሾካሾካሉ። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ቀለም የተቀባች ሴትዮ በመስታወት ውስጥ ታየኛለች። እኔም መስታወቱ ውስጥ ራሴን አያለሁ። ግማሹ ፀጉሬ ተበጥሮ ቆሟል፣ ግማሹ ተቋጥሯል። በሕይወቴ ሰው ራሴ ላይ ቆሞ ተመካክሮብኝ አያውቅም። በመጨረሻ ኃላፊዋ መጣችና በለሰለሰ ድምፅ «ይቅርታ፣ የአንቺን ዓይነት ፀጉር አንሠራም» አለችኝ። የእጥበቱን ሂሳብ ግን ተቀበሉኝ።

እርጥብ ፀጉሬ ላይ የጃኬቴን ኮፍያ ደፍቼ ወጣሁ። አውቶቡስ እስኪመጣ ከኮፍያው ያፈነገጠው ፀጉር በረዶ ሆኖ ተገተረ፤ ስነካው ይንኮሻኮሻል። የሚዶውን ጥርስ ማታ ያወጣችልኝ ያቺው የቤት ጓደኛዬ ናት። እሷ እያወጣች እኔ አለቀስኩ። ስላመመኝ አልነበረም።

ልጅቷ ላይ አልፈርድም። ያልተማረችውን ከየት ታመጣዋለች? እዚህ አገር ፀጉር ለመሥራት ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ሰዓት ቆጥሮ፣ ተፈትኖ ፈቃድ ማውጣት በአብዛኛው ግድ ነው። ትምህርቱ ግን ለረጅም ዘመን በቀጥ ያለ ፀጉር ላይ ያተኮረ ነበር። የኒውዮርክ ግዛት ሁሉንም የፀጉር ዓይነት ማስተማር ግዴታ ነው ብሎ ሕግ ያወጣው ገና በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። እኔ ለእነሱ ፀጉር ኮርስ ወስጄ፣ ተፈትኜ፣ አልፌ ነው ሥራ የገባሁት። የኔን ግን ፈቃዱን ግድግዳ ላይ የሰቀለው ባለሙያ እንኳ እንዲያውቅ ያኔ አልተገደደም ነበር።

ለማንኛውም፣ መብቱም ቢሆን በአንድ ቀን አልመጣም። በሹሩባ ወይም በተፈጥሮ ፀጉር ምክንያት ሠራተኛንም ተማሪንም ማግለል የሚከለክለውን ክራውን አክት የሚባል ሕግ ቀድማ ያወጣችው ካሊፎርኒያ ናት፣ በ2019 እ.ኤ.አ.። ሚኒሶታ በ2023 ተከተለች። ስለዚህ የምትመጡ ልጆች፣ አለቃችሁ «ሹሩባሽን ፍቺው» ካላችሁ ዝም ብላችሁ አትፍቱ። መጀመሪያ የግዛታችሁን ሕግ ጠይቁ። የሥራ ባልደረቦች ጥያቄ ግን ሕግ አያግደውም። አርብ ጎፈሬ ሆኜ ወጥቼ ሰኞ በዊግ ፀጉር የተቀጠለ ረጅም ሹሩባ ተሠርቼ ስገባ «በሁለት ቀን ይሄ ሁሉ አደገ?» ይሉኛል፣ ከልባቸው። አፋቸው ሳይዘጋ እጃቸው ይዘረጋል፤ ሊነኩት። «አይነካም» ማለትን ከአሁኑ ተለማመዱ። በፈገግታ ይባላል፣ ግን ይባላል።

እኛም ብንሆን ጉዳችን ብዙ ነው። ዞማ ፀጉር ያላት ሕፃን ስትወለድ እልል የሚል ዘመድ፣ ከርዳዳዋን «ምነው የአባቷን ይዛ ቀረች» ይላታል። ልጅቷ ሰምታ ነው የምታድገው። ሹሩባ ስንሠራ ግንባራችን እስኪወጠር ይጎተታል፤ አመመኝ ስንል «ቻይው፣ ነገ ይለቃል» እንባላለን። የአገሬ ሹሩባ ሠሪዎች በእጃቸው ጥበብ አለ፣ አከብራቸዋለሁ፤ ይህን ግን ተዉት። ዘወትር የሚጎተት ሥር ይዳከማል። ግንባር ላይ መሳሳት ሲጀምር ቶሎ ቢተዉት ፀጉሩ ሊመለስ ይችላል። ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ራሱ ይሞታል። የኔም ፎቶ ላይ ያያችሁት መሳሳት ግማሹ እዚያው አገር ቤት የተጀመረ ነው።

ወደ አክስቴ ልጅ ጥያቄ ልመለስ። እህቴ፣ ሪላክሰር አትቀቢ። ሪላክሰር የፀጉሩን የውስጥ ማያያዣ ነው የሚሰብረው፤ የተሰበረው ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ከወር በኋላ ከሥር ከርዳዳው ይበቅላል፣ ከላይ ቀጥ ያለው ይቀራል፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ደግሞ እየተበጠሰ ይወድቃል። ያን ጊዜ አንቺ እዚህ ነሽ፤ ብርድ ነው፤ የሚያስተካክልልሽ ሰው የለም። የጤናውም ነገር አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ገደማ ተከታትለው ውጤቱን በ2022 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል ካልተጠቀሙት ሴቶች እስከ 70 ዓመት ዕድሜ የማሕፀን ካንሰር የሚይዛቸው 1.64 በመቶ ያህሉ እንደሆኑ ሲገመት፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ከተጠቀሙት ግን 4.05 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ግንኙነት አሳየ እንጂ መንስኤው ያ ብቻ ነው አላለም። ለእኔ ግን ለመተው በቂ ነው።

ይልቅ ይህን ያዢ። ፀጉርሽ የኔን ስለሚመስል ለኔ የሠራው ለአንቺም ይሠራል። በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን አንዴ ታጠቢ። ሻምፖው የራስ ቆዳሽን ይንካ፤ ጫፉን ሲወርድ የሚነካው አረፋ ይበቃዋል። ማበጠር ያለብሽ ኮንዲሽነሩ ፀጉርሽ ላይ እያለ ነው፤ አራት ቦታ ከፍለሽ፣ ጥርሱ በሰፋ ሚዶ፣ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥር። ቅባት እርጥበት አይሰጥም፤ ያለውን እርጥበት እንዳይወጣ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ደረቅ ፀጉር ላይ ቅባት አትደራርቢ፣ ገና እርጥብ ሳለ ቀቢው። ፎንና ፒያስትራ በየሳምንቱ አይሁን። ማታ ሳቲን ሻሽ አስሪ። የሱፍ ኮፍያም ፀጉር ይፈትጋል፤ ውስጡን ሳቲን አስለብሺው። እርጥብ ፀጉር ይዘሽ ደግሞ በጭራሽ ከቤት እንዳትወጪ።

ቅቤውን ተዪው አልልሽም። እኔም ሥራ በሌለኝ ቀን ዋዜማ ለጋ ቅቤ ተቀብቼ፣ ፌስታል አስሬ አድራለሁ። ግን ማሞቂያ ባለበት ዝግ ቤት ሽታው ልብስሽ ሁሉ ላይ ይቀራል፤ ካፖርትሽን ሌላ ክፍል አርቀሽ ስቀዪ። ስትታጠቢም መጀመሪያ በሶፍት ጥረጊውና ቆሻሻ ውስጥ ጣዪ። እንዳለ ወደ ቱቦ ከለቀቅሽው ይረጋና ይደፍነዋል። አከራይ ደግሞ ይህን አያልፍም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። እዚህ ሹሩባ የሚሠሩልሽ በብዛት ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ሴቶች ናቸው። እጃቸው ግሩም ነው፤ ግን ለእኔ ሩቅ ናቸው፣ ዋጋቸውም የአንድ ቀን ደሞዜን ይበልጣል። ስለዚህ ሻንጣሽን በሻምፖ ከምትሞዪ ከአሁኑ ሹሩባ መሥራት ተማሪ። ሰፈራችሁ ካለችው ሠሪ ጎን ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጭ በይና ጣቷን እዪ። መጀመሪያ ታናሽ እህትሽ ላይ ተለማመጂ፣ ቀጥሎ መስታወት ሳታዪ የራስሽን ራስ ሥሪ። የኋላው ነው የሚያስቸግረው፤ እሱ ላይ ጊዜ ስጪ።