ሠላሳው ቀን ሳይሞላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ይህን ምስክርነት የምጽፈው በ2011 ዓ.ም. ለቅዱስ ሚካኤል የተሳልኩት ስለት ጧፍና ዕጣን ብቻ ሳይሆን የተደረገልኝን መናገርንም ይጨምር ስለነበር ነው። ጧፉን ወዲያው አስገባሁ፤ መናገሩ ግን ዘገየ።

በዚያን ጊዜ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ነርስ ነበርኩ። ከእኔ ጋር አንድ ወጣት ባለሙያ ተመድቦ ስለነበር የክትባቱን ፍሪጅ በተራ እንይዘዋለን፤ ቁልፉም በሁለታችን እጅ ነበር። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ መቀመጥ አለበት። ብዙ ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ነው፤ እንደ አምስት በሽታ ተከላካዩ ፔንታቫለንትና እንደ ሳንባ ምች ክትባቱ ፒሲቪ ያሉትን ግን ጨርሶ የሚያጠፋቸው በረዶ ነው። የኩፍኝ ክትባትና የፖሊዮ ጠብታ በረዶ ቢሆኑ አይጎዱም፤ ፔንታ ግን አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም ተመልሶ ክትባት አይሆንም። በዚህ ምክንያት ጠዋትና ማታ የፍሪጁን ሙቀት እያነበብን በሩ ላይ በተለጠፈው ቅጽ እንሞላለን፤ ፍሪጅ ታግ የምንለው ትንሽ መሣሪያም ውስጡ ተቀምጦ ሌሊቱን ጭምር ይመዘግባል።

ሰኞ ጥቅምት 26 ቀን ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት የፔንታ ብልቃጦቹ አመዳይ ለብሰው አገኘኋቸው። አንዱን አንሥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቤ ሳዘነብለው በውስጡ ያለው ፈሳሽ ንቅንቅ አላለም። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 3 ይላል፤ የቅዝቃዜውን መጠን የሚወስነው ቴርሞስታት እስከ መጨረሻው ቁጥር ተጠምዟል። እኔም ደንግጬ፣ ማንንም ሳልጠራ፣ ቴርሞስታቱን ወደ ቦታው መለስኩት። ይህ የራሴ ስሕተት ነው፤ አስቀድሜ ሰው ጠርቼ ማሳየት ነበረብኝ። የጽዳት ሠራተኛዋ በዚያው ቅጽበት በበሩ ስታልፍ እጄ ቴርሞስታቱ ላይ እንዳለ አይታኝ ኖሮ፣ በኋላ ስትጠየቅ ያየችውን ተናገረች። ውሸት ስላልተናገረች አልተቀየምኳትም።

ቅጹ ላይ ደግሞ ዐርብ ማታ 4፣ ቅዳሜ ጠዋትና ማታ 4፣ እሑድም እንዲሁ 4 ተጽፎ፣ በሁሉም ላይ የባልደረባዬ ፊርማ አለ። የእኔ ጽሑፍ የሚጀምረው ሰኞ ጠዋት ከዜሮ በታች 3 ብሎ ነው። ወረቀቱን ብቻ ላየ ሰው፣ ፍሪጁ ቅዳሜንና እሑድን በሰላም አሳልፎ እኔ ስገባ የተበላሸ ይመስላል።

በረንዳው ላይ እናቶች ተሰልፈው ነበር። አንዲቱ ስድስተኛ ሳምንቱን የያዘ ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ጎሕ ሳይቀድ ከቤቷ የወጣች ናት፤ «ሲስተር፣ ነገ ልመለስ?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

የቀረውን በአጭሩ ልናገር። የተበላሸው ክትባት እንዲወገድ ተለየ፤ ፍሪጅ ታጉ አብሮ ወጥቶ በኃላፊው መሳቢያ ተቆለፈበት፤ ባልደረባዬ «ስወጣ ደህና ነበር» ብሎ ቃሉን ሰጠ፤ እኔ ከክትባት ክፍል ተነሥቼ ወደ ካርድ ክፍል ተዛወርኩ፤ በቸልተኝነት የመንግሥት ንብረት አበላሽታለች የሚል የዲሲፕሊን ክስም ደረሰኝ። ያቺ እናት በሳምንቱ ስትመለስ ካርዷን ፈልጌ ያወጣሁላት እኔ ነበርኩ፤ ልጇን የከተበላት ግን ባልደረባዬ ነው።

መሣሪያው እንዲነበብ ሁለት ጊዜ በቃል፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ጠየቅሁ። «አርጅቷል፣ የሚያሳየው አይታመንም» ተባልኩ። ፍሪጅ ታግ የሚይዘው ያለፉትን 30 ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ ቀን በገባ ቁጥር ከኋላው አንድ ቀን ይወድቃል። በመሆኑም ከጥቅምት 23 ጀምሬ ቀን እቆጥር ነበር፤ ኅዳር 23 ካለፈ እውነቱን የሚያውቅ ከእግዚአብሔርና ከአንድ ሰው በቀር አይኖርም።

የዚያን ሰሞን ጸሎቴን ሳስበው አፍራለሁ። ዳዊት ስደግም ስለ ጠላት የተነገሩት ቃላት ላይ ስደርስ ድምፄ ከፍ ይላል፤ በልቤም የማን ስም እንደሚገባበት አውቀዋለሁ። ይህን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ እርሱ እንዲወድቅ ነው ወይስ እውነቱ እንዲወጣ የምትለምኚው? ሁለቱ አንድ አይደሉም» አሉኝ። የሶስናን ታሪክ እንዳነብም አዘዙኝ። በሐሰት የተከሰሰችው ሶስና የተሰወረውን ወደሚያውቅ አምላክ ጮኸች፤ ዳንኤልም ሁለቱን ሽማግሌዎች ለያይቶ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ጠየቃቸው፤ ቃላቸውም ሳይገጥም ቀረ። ታሪኩን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ነገሩ የተፈታው በአንዲት ጥያቄ መሆኑን ግን ያን ዕለት ነው ያስተዋልኩት። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ጸሎቴ አጠረ፦ «እኔ ብጠይቅ አልተሰማሁም፤ የሚጠይቅ ሰው ላክልኝ።» ስለቴንም ለቅዱስ ሚካኤል ተሳልኩ።

ኅዳር 12 ቀን ረቡዕ፣ የሊቀ መላእኩ ዓመታዊ በዓል ነበር። ሌሊት ማኅሌት ቆሜ፣ አስቀድሼ፣ እግሬ እንደ ዛለ ሥራ ገባሁ። ረፋድ ላይ ማንም ያልነገረን የፍሪጅ ቴክኒሻን ከዞን መጣ። የመጣው ለእኔ ጉዳይ አይደለም፤ ኃላፊው ቀደም ሲል ፍሪጁ ተበላሽቷል ብለው ሪፖርት ልከው ስለነበር ሊጠግን ነው። በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየና ገና የጥገና ዕቃውን ከቦርሳው ሳያወጣ «ፍሪጅ ታጉ የታለ?» አለ። ይህን የነገሩኝ አብረውት የነበሩ ናቸው፤ እኔ ካርድ እየደረደርኩ ነበር።

ከመሳቢያው አምጥተው ሰጡት። እንደ ፍላሽ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ መዝገቡን አወጣና ከበሩ ቅጽ ጋር መስመር በመስመር ያስተያይ ጀመር። መሣሪያው ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ ወይም ከዚያ በታች 60 ደቂቃ ሲቆይ ማስጠንቀቂያ ይመዘግባል፤ ይህን የመዘገበው ዐርብ ጥቅምት 23 ቀን ምሽት ነው። ቅዳሜና እሑድ ቅጹ 4 ሲል፣ መሣሪያው ሙሉውን ቀን ከዜሮ በታች ይላል። ቴክኒሻኑ ስለ ክሱ ምንም ስለማያውቅ በቅንነት «ታዲያ እዚህ 4 ብሎ የፈረመው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

እኔ ስጠራ ባልደረባዬ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ዐርብ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቶሎ እንዲያቀዘቅዝ ብሎ ቴርሞስታቱን እስከ መጨረሻው ማዞሩን፣ ወደ ቤት ሲሄድ እመልሰዋለሁ ብሎ መርሳቱን፣ የቅዳሜንና የእሑድን ቅጽ ደግሞ ዐርብ ማታ አስቀድሞ ሞልቶ መሄዱን በራሱ አንደበት ተናገረ። ሲያለቅስ ሳየው፣ ለሳምንታት የተመኘሁት ቀን ይህ እንደነበር ትዝ አለኝና ደስታዬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ክሱ በዚያው ሳምንት ተነሣልኝ፤ ለእርሱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ እኔም ወደ ክትባት ክፍሌ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ 12 ቀን ጧፉንና ዕጣኑን አስገባሁ። ምስክርነቱን ያዘገየሁት፣ ሁለታችንም እዚያው እየሠራን ብናገር በአካባቢው የሚያውቀን ሁሉ ማን እንደሆነ ስለሚለየው ነው። ዛሬ ሁለታችንም ከዚያ ቦታ ለቀናል። በቅርቡ ደውሎ ስለ ጤናዬ ከጠየቀኝ በኋላ፣ ስለ ስለቴ ከየት እንደ ሰማ ባላውቅም፣ «ሲስተር፣ በእኔ ምክንያት የቀረ ነገር ካለ አያስቀሩት፤ ይናገሩት» አለኝ። ስለዚህ ተናገርኩ።